በሬው ለምን ረከሰ?

በ1965 ዓ.ም. ላስታን ጨምሮ ወሎ ሲራብ፣ የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አማርትያ ሴን እንዳሳዩት፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም። ታዲያ ሰው ለምን ተራበ? ገበሬው መግዣ ስላጣ ነው። አዝመራው ሲጠፋ የቀረው ሀብት በሬው ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ለሽያጭ ሲነዳው ገዢ ጠፋ፤ ዋጋው ወደቀ። በሬው ሲሄድ የመጪው ዓመት እርሻም አብሮ ሄደ።

በመስከረም 2001 ዓ.ም. የአሜሪካው ሌማን ብራዘርስ ሲወድቅም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ዕዳ የተጫናቸው ባንኮች የያዙትን ለመሸጥ ሲሻሙ ዋጋው ይበልጥ ወረደ፤ የከበደው ግን ዕዳው ነው።

ቁርኣን ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ እንዲሰጠው ማዘዙ ከዚህ ያድናል። ጎረቤታችሁ በሬውን ለገበያ ሳይነዳ ድረሱለት።