አስታማሚውን ማን ያስታምመው? ቤተሰብ፣ እንክብካቤና ጤና በሶሺዮሎጂ ጥናት

ቤተሰብ ዕድሜ ያስረዝማል የሚለው እምነት የቆየ ነው፤ በቁጥር መመዘን የጀመረው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዊሊያም ፋር በ1858 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይን የሞት አሃዝ መርምሮ፣ ያገቡ ሰዎች ካላገቡትና የትዳር ጓደኛ ከሞተባቸው በአብዛኛው ረዘም ያለ ዕድሜ እንደሚኖሩ አሳየ። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም በ1897 ስለ ራስን ማጥፋት ባሳተመው ጥናት ነገሩን ከአሃዝ ወደ ንድፈ ሐሳብ አሻገረው፤ ሰው ከቤተሰቡና ከማኅበረሰቡ ጋር ያለው ትስስር ሲላላ ራሱን የማጥፋቱ አደጋ ይጨምራል አለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ዝምድና ጋሻ ነው። ጋሻውን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ግን ገና አልተጠየቀም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካዊው ታልኮት ፓርሰንስ የታማሚን ማኅበራዊ ሚና ተነተነ። በ1951 በወጣው መጽሐፉ ታማሚ ከዕለት ሥራው ነፃ የመሆን መብት፣ ለመዳን የመጣርና ባለሙያ የመሻት ግዴታ ያለው ሰው ነው። ታማሚውና ሐኪሙ ጎልተው ሲታዩ፣ ሌሊቱን ከአልጋው ሥር የምታድረው ሚስት ወይም ልጅ ጥላ ውስጥ ቀርታለች። ኢንዱስትሪ ቤተሰብን በትኖ አረጋውያንን ያለ ጧሪ አስቀርቷል የሚለው አስተያየትም በዚያ ዘመን ገንኖ ነበር። ፒተር ታውንሰንድ ግን በምሥራቅ ለንደን፣ በቤትናል ግሪን ሰፈር፣ ለጡረታ ዕድሜ የደረሱ 203 ሰዎችን አነጋግሮ በ1957 ሌላ እውነት ይዞ ወጣ። አብዛኞቹ ከዘመድ አልተለዩም፤ ምግብ የምታበስል፣ ልብስ የምታጥብ፣ ገበያ የምትወጣ ልጅ በአቅራቢያቸው ነበረች። ጧሪ አልጠፋም፤ መጦሩ ግን ይበልጡን የሴት ልጅ ሥራ ነበር።

ትልቁ መታጠፊያ 1979 ነው። ሊሳ በርክማንና ሊዮናርድ ሳይም በካሊፎርኒያ፣ አላሜዳ ካውንቲ፣ ወደ 7,000 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ለ9 ዓመታት ከተከታተለ ጥናት ተነስተው፣ ወዳጅ ዘመድና ማኅበር የራቃቸው ሰዎች የመሞት አደጋቸው ትስስራቸው ከጠነከረው ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳዩ። በ1988 ደግሞ ጄምስ ሃውስ፣ ካርል ላንዲስና ደብራ አምበርሰን የተከማቸውን ማስረጃ መዝነው፣ የማኅበራዊ ትስስር ማነስ ለጤና እንደ ሲጋራ ካሉ ከታወቁ ጠንቆች ጋር የሚወዳደር አደጋ ነው አሉ።

በእነዚሁ ዓመታት የጥያቄው ሌላ ገጽ ተገለጠ። ኢሌን ብሮዲ በ1981 በወላጆቻቸውና በልጆቻቸው መካከል ስለተያዙ ሴቶች ጻፈች። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የሊዮናርድ ፐርሊንና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። በ1990 ባወጡት ጥናት የአልዛይመር ሕመምተኞችን የሚያስታምሙ ከ500 በላይ የትዳር ጓደኞችንና ልጆችን ጠይቀው፣ ጭንቀት እንዴት እንደሚዛመት ደረጃ በደረጃ አሳዩ። እናት ልጇን መለየት ታቆማለች፤ ሌሊት ተነስታ በር ትከፍታለች፤ ልጅ እንቅልፍ ታጣለች። ከዚያ ሥራ ላይ መቅረት፣ የገቢ መቀነስ፣ ከወንድምና ከእህት ጋር «ማን ይያዛት» የሚል ጠብ ይከተላል። በመጨረሻም አስታማሚዋ ድሮ ማን እንደነበረች ይጠፋባታል። በ1999 ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች ዋጋውን በሞት ለኩት፦ የትዳር ጓደኛቸውን እያስታመሙ ጫና የበዛባቸው አረጋውያን በ4 ዓመት ውስጥ የመሞት አደጋቸው ከማያስታምሙት በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ያው ጤና የሚሰጠው ዝምድና ጤና ሊነሳም እንደሚችል በዚህ ዘመን ተረጋገጠ።

ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ ካነበቡት መካከል በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ያለችው አምበርሰን ግንባር ቀደም ናት። በ1992 ባሳተመችው ጥናት ባሎች ጤናቸውን የሚጠብቁት በሚስቶቻቸው ቁጥጥር ጭምር እንደሆነ፣ ሚስቶች ግን በተመጣጣኝ እንደማይጠበቁ አመለከተች። በ2017 ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ጥናት ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮች ቀድመው እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ ልጅ እንደሚያጡ አሳየ። ሐዘን ራሱ እኩል አልተከፋፈለም።

መንግሥታት የደረሱት ዘግይተው ነው። አሜሪካ በ1993 የ12 ሳምንት ያልተከፈለ የቤተሰብ ፈቃድ ደነገገች፤ ጀርመን በ1995፣ ጃፓን በ2000 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ጀመሩ። አርሊ ሆክሺልድ በ2000 ገደማ እንዳስተዋለችው ግን፣ የሀብታም አገር ቤት የእንክብካቤ ጉድለቱን ከድሃ አገር በምትመጣ ሴት ይሞላል፤ እሷ ትታው የመጣችውን ቤት ደግሞ ሌላ ሴት ትይዘዋለች። ይህ ሰንሰለት ከእኛም ደጅ ይደርሳል። ቤሩትና ሪያድ ውስጥ የሰው ልጅና የሰው እናት የምትንከባከብ ኢትዮጵያዊት የራሷን ልጆች ብዙ ጊዜ ለእናቷ ወይም ለእህቷ ትታ ነው የሄደችው።

በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን ለተቸገረ ወላጅና ልጅ ቀለብ መስጠትን ግዴታ አድርጎታል፤ ግዴታውን የምትወጣዋን ሰው ጤና መጠበቅ ግን የጤና ባለሙያው ሥራ መሆን አለበት። ታማሚ ይዛ የመጣችውን ሴት፣ የታማሚው ካርድ ከመዘጋቱ በፊት፣ «አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል? የደም ግፊትሽን ተለክተሻል?» ብሎ መጠየቅ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ነገር ነው፤ ይጀመር።