ላማ
ላማ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚረባ፣ ከግመል ወገን የሆነ ግን ሻኛ የሌለው የቤት እንስሳ ነው። ጓናኮ ከሚባለው የዱር ዘመዱ ተለይቶ ከተላመደ ቢያንስ 4,000 ዓመት ሆኖታል። ዛሬ በብዛት የሚገኘው በቦሊቪያ ነው። ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ ሲበዛበት ተኝቶ አልነሳም ይላል፣ ሲበሳጭም ይተፋል።

ጠጉሩ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ይሸለታል። ድርብ ነው፦ ላዩ ሻካራ፣ ውስጡ ለስላሳ። ሁለቱን ሳይለዩ ከፈተሉት ሹራቡ ገላ ይኮሰኩሳል። ስለዚህ ሻካራው ለገመድ፣ ለወንጭፍና ለጆንያ ይውላል፤ ለስላሳው ለልብስ ይቀራል። ከበግ ጠጉር ይልቅ ቅባቱ ትንሽ በመሆኑ ብዙ አጠባ አይሻም። የአንዲስ ነባር ሕዝብ የሆኑት የኬቹዋ ሴቶች ፑሽካ በሚሉት እንዝርት መንጋ እየጠበቁ፣ መንገድ እየሄዱም ይፈትላሉ፤ ነጠላውን ፈትል ሁለት ሁለቱን አጣምረው እንደገና ያከሩታል። የድሩ ጥንካሬ ከዚህ ነው። ፈትሉ የሚነከርበት ቀይ ቀለም የሚገኘው በለስ በሚባለው ቁልቋል ላይ ከሚኖሩት ኮቺኒል የተባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ነው።

በጠጉር ልስላሴ ዘመዱ አልፓካ ይበልጠዋል፤ ጭነትንም ፈትልንም ከአንድ እንስሳ ለሚሻ ገበሬ ግን ላማ ይሻላል።