ቆርኬው የስዌይን ሆነ፤ መሪውስ?

አሜሪካ ውስጥ ሉዊዚያናና ቴክሳስ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ በሚነኩበት በኩል፣ ብዙ ቦታ ውኃው ከጉልበት የማያልፍ ሰፊ ረግረግ አለ። እዚያ «ሬድፊሽ» የሚሉት ቀላ ያለ፣ ጅራቱ ሥር ጥቁር ነጥብ ያለበት ዓሣ ይኖራል። ይህንን ዓሣ ለጨዋታ ሊያጠምድ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይገባም፤ በቀን ሒሳብ መሪ ይቀጥራል። መሪው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከጀልባዋ ኋላ ከፍ ያለ መደብ ላይ ቆሞ፣ በረጅም ዘንግ ቀስ እያለ ይገፋል። ዓሣው አፉን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ሸርጣን ሲፈልግ ጅራቱ ከውኃው በላይ ብቅ ትላለች። ያቺን ጅራት ከሩቅ የሚያያት መሪው ነው፤ እንግዳው የሚያያት ከተነገረው በኋላ ነው። ፎቶ የሚነሳው ግን እንግዳው ነው!

«ታዲያ ይሄ ከጅጅጋ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ጅጅጋ ባሕር የላትም። ነገር ግን ለጨዋታ የመጣን ባዕድ ይዞ መሄድ፣ እንስሳውን ከእርሱ ቀድሞ ማየት፣ ከዚያም ከፎቶው ውጭ መቅረት፤ ይህ ሥራ በጅጅጋ ሜዳ ላይ ከ130 ዓመት በፊት በደንብ ይታወቅ ነበር። የሚፈለገው እንስሳ ዓሣ ሳይሆን ቆርኬ፣ ሳላና አንበሳ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ዛሬ የምናወራውም ስለ እነዚያ መሪዎች ነው። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ምንጮቹ በአብዛኛው ከዚያ ስለሆኑ።)

በመጀመሪያ ግን ስለ ዓሣው ትንሽ እንበል። ጅጅጋ ከባሕሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም፤ ዘይላና በርበራ የዘመናት በሮቿ ናቸው። የግመልና የበግ ጌታ የሆነው አርብቶ አደር ሶማሌ ግን ዓሣ በሊታን በንቀት ዓይን ያይ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1854 ዘይላ ሲደርስ ይህንን ታዝቦ ጽፏል። የዘይላ ዳርቻ ጥልቀት የለውም፤ ትልልቅ መርከቦች ርቀው መልሕቅ መጣል ነበረባቸው። ለሬድፊሽ አጥማጅ እንዲህ ያለ ውኃ ገነት በሆነለት ነበር። ከዳርቻው አለፍ ብሎ ለሚኖረው ባለ ግመል ግን ባሕሩ የሸቀጥ መንገድ እንጂ ማዕድ አልነበረም።

አደንም ከዓሣ ማጥመድ የተሻለ ክብር አልነበረውም። በሶማሌ ምድር በአደን የሚተዳደሩት ዛሬ ጋቦዬ የሚባሉት ወገኖች ነበሩ። ሳላን በውሻ ያሳድዳሉ፤ ቀስታቸውን «ዋባዮ» በሚባል የዕፅ መርዝ ይለውሳሉ፤ ቆዳ ይፍቃሉ። ባለ ከብቱ ግን አይጋባቸውም፤ ከእኩዮቹም አይቆጥራቸውም። የሚገርመው የዚያው ባለ ከብት ትንሿ ክብ ጋሻ ከሳላ ቆዳ የምትሠራ መሆኗ ነው! ጦረኛው ጋሻውን እያወዛወዘ ይፎክራል፤ ሳላዋን ያመጣው ሰው ግን ከሰፈሩ ጥግ ይቀመጣል። ይህችን ነገር ያዟት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ መንገዱ። ከዘይላ ወይም ከበርበራ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚወጣ ነጋዴ ያለ «አባን» አይንቀሳቀስም ነበር። አባን መንገድ አሳይ ነው ብንል ግማሹን ብቻ ነው የተናገርነው። አባን ዋስ ነው፤ አስተርጓሚ ነው፤ ደላላ ነው፤ አስታራቂ ነው። እንግዳው በጎሣው ምድር እስካለ ድረስ ነፍሱም ንብረቱም በአባኑ አንገት ላይ ነው። እንግዳው ከተዘረፈ የተዋረደው አባኑ ነው፤ ጎሣውም ካሣ ወይም በቀል ይጠይቅለታል። በምላሹ አባኑ አበል ይቀበላል፤ ከሚሸጠውና ከሚገዛውም ይቆርጣል። የጎሣው ምድር ሲያልቅ የእርሱም ቃል ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ዋስ መፈለግ ነው። የጽሑፍ ውል የለም፤ ፖሊስ የለም፤ መንገዱ ግን ይሠራ ነበር። በ1842 ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በዘይላና በሐረር መካከል ቅፍለቶች የሚያድሩባቸውን ቦታዎች ሲዘረዝር ጅጅጋን ከነስሟ መጥቀሱ፣ ይህ መንገድ ከተማዋ ሳትቆረቆር በፊት ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ያሳያል።

በርተን በኅዳር 1854 መጨረሻ ከዘይላ የወጣው በዚሁ ሥርዓት ነው። አባኑ ራጌ የሚባል የኢሳ ሰው ነበር። ከራጌ ሌላ ከኤደን ይዟቸው የመጡ ሶማሌዎች ነበሩ፤ ለሁሉም የቅጽል ስም አውጥቶላቸዋል። አንዱ «ሐማል» (ተሸካሚው)፣ ሌላው «ረጅሙ ጉሌድ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «የዘመን ፍጻሜ»! ሁለቱን ወጥ ሠሪ ሴቶች ከሺህ አንድ ሌሊት ተረት ስም ሰጥቷቸዋል። የኢሳንና የጉዳቡርሲን ምድር አቋርጠው፣ በጅጅጋ በኩል የተዘረጋውን የማራር ሜዳ ተሻግረው፣ የጌሪው ገራድ አደን ተቀብሎ ካስተናገዳቸው በኋላ ጥር 3 ቀን 1855 በርተን ሐረር ገባ። አሥር ቀን ቆይቶ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ያሳተመውን መጽሐፍ ርዕስ ወደ አማርኛ ብናመጣው «በምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያዎቹ ኮቴዎች» እንደማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ! ራጌና ግመሎቹ ምናልባት በአየር ነው የሄዱት።

በርተን አባንን አልወደደውም፤ ዋጋ የሚያስወድድ ቀበኛ አድርጎ ነው የሳለው። የጉዞ ባልደረባው ጆን ስፔክም በሌላ አቅጣጫ በሄደበት ጉዞ ከአባኑ ከሱሙንተር ጋር ተጣልቶ፣ ሰውዬው ኤደን ላይ በእንግሊዞች ፍርድ ቤት ቀርቦ ታስሯል። አባኑ አታልሎት ሊሆን ይችላል፤ ይህንን አንከራከርም። ግን ልብ በሉ፤ በአገሩ ወግ የሚዳኝ ዋስ በባዕድ ፍርድ ቤት እንደ ሌባ አሽከር ተዳኘ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የእነ በርተን ሰፈር በርበራ ዳርቻ ላይ በሌሊት ተወረረ። ስትሮያን የተባለው መኮንን ተገደለ፤ በርተን ጉንጩን በጦር ተበሳ፤ ስፔክ ብዙ ቦታ ቆስሎ አመለጠ። ይኸው ስፔክ ነው በኋላ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የሄደው።

ሠላሳ ዓመት እንዝለል። በ1884 ግብጾች ከባሕር ዳርቻው ለቅቀው ሲወጡ እንግሊዝ በርበራንና ዘይላን ያዘች፤ ዋናው ምክንያት ኤደን ላይ ያለው ጦሯ ሥጋ የሚበላው ከበርበራ በሚሻገረው በግና ከብት ስለነበረ ነው። የኤደንና የሕንድ መኮንኖችም ፈቃድ ሲወጡ ባሕሩን ተሻግረው መምጣት ለመዱ፤ ለአደን። በርበራ ላይ ግመል ይከራያሉ፤ ውኃ መያዣ በርሜል ይጭናሉ (ሐውድ በበጋ ጠብታ ውኃ የለውም)፤ ሰዎች ይቀጥራሉ። የሚቀጥሯቸውን መሪዎች ከሕንድ ይዘውት በመጡት ቃል «ሺካሪ» ይሏቸዋል። በበርበራ ዙሪያ እንስሳው ሲሳሳባቸው ወደ ሐውድና ወደ ጅጅጋ በኩል እየራቁ መጡ።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ለውጥ የተደረገው። አባን የሚመጣው በጎሣው ስም ነው፤ «በዚህ አትሂድ» የማለት ሥልጣን አለው፤ እንግዳው ያጠፋው ጥፋትም ያገኘዋል። ሺካሪ ግን ደመወዝተኛ ነው። እንግዳው በጠመንጃ የሠለጠነ የራሱን አጃቢ ይዞ ከመጣ ዋስ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ዓይን ነው። እናም ዓይን ያላቸው እነማን ነበሩ? ያዟት ያልናችሁ ነገር ይቺ ናት፤ ኮቴ በማንበብ ስማቸው የገነነው እነዚያው የተናቁት ጋቦዬዎች ነበሩ። በአገራቸው ሰው ዘንድ ስም የሚያሳጣ ሙያ፣ በፈረንጁ ዘንድ ደግሞ ስሙ የማይጻፍ ሙያ።

ከአዳኞቹ ሁሉ ለጅጅጋ ታሪክ የሚጠቅመን ስዌይን ነው። የመሐንዲስ መኮንን ነበር፤ ከወንድሙ ጋር አገሩን እየለካ ካርታ ያነሳ ነበር፤ መሐል መሐሉን ያድን ነበር። በ1895 የታተመው መጽሐፉ በሶማሌ ምድር ያደረጋቸውን አሥራ ሰባት ጉዞዎች ይተርካል። በ1893 ጅጅጋን ሲያያት ከውኃ ጉድጓዶች አጠገብ በእንጨት አጥር የተከበበች፣ 25 ያህል ወታደር የሚጠብቃት ምሽግ ነበረች፤ ሐረርን የያዙት የራስ መኮንን ሰዎች ናቸው። በዚህ ምድር ክፍት ሜዳዎች ላይ ያኔ ቆርኬ በመቶዎች እየሆነ ይሰማራ ነበር። ሶማሌዎች «ሲግ» ይሉታል። ለንደን ያሉ ሊቃውንት ግን በ1892 ናሙናው ሲደርሳቸው «የስዌይን ቆርኬ» ብለው መዘገቡት። እኛም ዛሬ በአማርኛ እንደዚያው እንጠራዋለን።

ሲግ ብቻውን አይደለም። ሶማሌዎች «ዴሮ» የሚሏት የሜዳ ፍየል «የስፔክ» ሆናለች። በ1891 ደግሞ ክላርክ ለሚባል አዳኝ አንዲት ቀጭን እንስሳ ተሰየመችለት። እሷን ሶማሌዎች «ዲባታግ» ይሏታል፤ ትርጉሙ «ጅራተ ቀጥ» እንደማለት ነው። ስትሸሽ ጅራቷን ወደ ላይ ገትራ ስለምትሮጥ፣ በቁጥቋጦው መሐል መጀመሪያ የምትታየው ጅራቷ ናት። ያንን ስም ያወጣው ሰው የመሪ ዓይን ነበረው! ደግነቱ ዲባታግና ገረኑግ የሶማሌ ስማቸው በእንግሊዝኛም ተርፎላቸዋል።

አንዳንዴ የመሪውም ስም ይተርፋል፤ ግን ጌታውን ሲያድን ነው። በኋላ የኬንያ ነጭ ሰፋሪዎች አለቃ የሆነው ሎርድ ዴላሜር በ1890ዎቹ በተደጋጋሚ ለአንበሳ አደን ሶማሌ ምድር ይመጣ ነበር። አንድ ጊዜ የቆሰለ አንበሳ ጥሎት እግሩን ሲቦጭቀው ጠመንጃ ያዡ አብዱላ አሹር ባዶ እጁን አንበሳው ላይ ዘሎ አላቀቀው። ዴላሜር ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ ኖረ፤ ኬንያ ውስጥ ግን ለቁጥር የሚያታክት መሬት ያዘ። ስለ አብዱላ የምናውቀው ያቺን ዝላይ ነው።

ጨዋታው ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። መሪዎቹ ለአዳኙ ያሳዩት ጉድጓድ፣ ሸለቆና አቋራጭ ሁሉ ካርታ ላይ ሰፍሯል። በመጋቢት 1900 የሰይድ ሙሐመድ አብዱላ ሐሰን ደርቪሾች በሺዎች ሆነው የጅጅጋን ምሽግ አጠቁ፤ ብዙ ሰው አለቀባቸው። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዞች በሰይዱ ላይ ሲዘምቱ የጦሩ አዛዥ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኤሪክ ስዌይን፤ የአዳኙ ወንድም፤ አብሮት ካርታ ሲያነሳ የነበረው።

ቆርኬውስ? ከጅጅጋ ሜዳ ጠፍቷል፤ ከሶማሌላንድም ጠፍቷል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የደስታ በሽታ ከብቱንም አውሬውንም ፈጀ፤ ጠመንጃ ከአዳኞቹ አልፎ በየሰፈሩ ተበተነ፤ ሜዳውም ቀስ በቀስ የከተማና የእርሻ ሆነ። ጥፋቱን ሁሉ በስዌይን ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን «ይብቃ» ለማለት ሥልጣን የነበረው ሰው ከመሐል ወጥቶ ነበር፤ ከአባን ወደ ሺካሪ የተደረገውን ለውጥ ቀላል አድርገን የማናየው ለዚህ ነው።

ሬድፊሽም ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶት ነበር። በ1980ዎቹ ፖል ፕሩዶም የሚባል የኒው ኦርሊንስ ወጥ ቤት ዓሣውን በቅመም ለውሶ በጋለ መጥበሻ ላይ እስኪጠቁር የሚያበስልበት ዘዴ አሜሪካን አጥለቀለቀ፤ የንግድ መረቦችም ባሕሩን ማራቆት ጀመሩ። ለጨዋታ የሚያጠምዱት ሰዎች ግን ተደራጅተው ጮኹ። ቴክሳስ በ1981 የሬድፊሽ ንግድን ከለከለች፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ በ2007 ፕሬዚዳንት ቡሽ በፌዴራል ውኃዎች የሚያዝ ሬድፊሽ እንዳይሸጥ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። ዓሣው አገገመ። ለመሪውም እንጀራው ዓሣው ነገም እዚያው መገኘቱ ነው። የበርበራው ሺካሪ ግን እንዲህ ያለ ክርክር ሊያነሳ የሚችልበት ሸንጎ አልነበረውም።

ዛሬ የስዌይን ቆርኬ በዓለም ላይ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም በጥቂት ቦታዎች። ከሁሉም የሚታወቀው ከሻሸመኔ ወደ ምዕራብ ያለው የሰንቀሌ መጠለያ ነው። በ1991 የመንግሥት ለውጥ ወቅት እዚያም ክፉኛ ታድኖ ቁጥሩ አሽቆልቁሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አገግሟል። ማዜ ብሔራዊ ፓርክም አለ። ቆርኬ ጠላቱን ለማየት ምስጥ የሠራው ኩይሳ ላይ ወጥቶ መቆም ይወዳል፤ እናም ሰንቀሌ የሄደ ሰው ከጠባቂዎቹ ጋር ሜዳውን ሲቃኝ መጀመሪያ ማየት ያለበት ኩይሳዎቹን ነው። ጅጅጋ ዙሪያም ኩይሳ ሞልቷል። ላያቸው ላይ የሚቆም ሲግ ግን የለም።