የወንዞችን የውሃ ከፍታና ፍሰት መለካት፦ ከብርና ከተምጫ እስከ ዓባይ

የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ፣ የጅጋና የደምበጫ አካባቢ ገጠር በክረምት ሞልተው በበጋ በሚሳሱ በርካታ ወንዞች የታደለ ነው። ብር፣ ተምጫ፣ ላህና ፈጣም ከእነዚህ መካከል የሚጠቀሱ ሲሆን፣ ሁሉም ውሃቸውን ለዓባይ ይገብራሉ። አርሶ አደሩ ለመስኖ፣ ከተሞች ለመጠጥ፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመሳሰሉ ተቋማት ደግሞ ለምርት ሥራ ውሃ ይፈልጋሉ። ውሃውን በአግባቡ ለመደልደል በቅድሚያ ወንዙ በየትኛው ወር ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ማወቅ ግድ ይላል።

የልኬቱ አጀማመር

በዓባይ ተፋሰስ የወንዞች ልኬት በስፋት የተጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ወቅቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ የመሬት ማልማት ቢሮ ጋር በመተባበር የተፋሰሱን የመሬትና የውሃ ሀብት ያስጠናበት ነበር። የጥናቱ ሪፖርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ባሉት ዓመታት በጅጋ አቅራቢያ በብር፣ በደምበጫ አቅራቢያ በተምጫ፣ በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ በላህ፣ በጥሊሊ በፈጣም፣ በመራዊ አቅራቢያ ደግሞ በግልገል ዓባይ ላይ የመለኪያ ጣቢያዎች ተተክለዋል።

ልኬቱ እንዴት ይከናወናል

በአንድ ጣቢያ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይከናወናሉ። የመጀመሪያው የከፍታ ንባብ ነው። በወንዙ ዳር በሜትርና በሴንቲሜትር የተከፋፈለ ሰሌዳ ይተከላል፤ ለዚሁ የተመደበ የአካባቢው ነዋሪ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ይመዘግባል።

ሁለተኛው የፍሰት ልኬት ነው። ባለሙያዎች የወንዙን ስፋት በክፍልፋይ ከፍለው የየክፍሉን ጥልቀትና የውሃውን ፍጥነት ይለካሉ። ጥልቀቱ አነስተኛ ሲሆን ፍጥነቱ የሚለካው ከውሃው ገጽ ወደ ታች በጥልቀቱ 60 በመቶ ላይ ነው። ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ተባዝተው ሲደመሩ በሰከንድ የሚያልፈው ውሃ በሜትር ኩብ ይገኛል። ይህ ሥራ በተለያየ የውሃ ከፍታ ላይ ሲደጋገም ከፍታን ከፍሰት ጋር የሚያዛምድ ቀመር ይዘጋጃል። ከዚያ በኋላ የየዕለቱ ንባብ በቀመሩ አማካይነት ወደ ፍሰት ይለወጣል።

የዓመት አማካይ ለመስኖ አይበቃም

የዓባይ ዓመታዊ ፍሰት 80 በመቶ ያህሉ የሚያልፈው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። ገባር ወንዞቹም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። በመሆኑም የዓመቱን አማካይ ብቻ ይዞ የመስኖ ዕቅድ ማውጣት ለከፍተኛ ስህተት ይዳርጋል።

ለአብነት ያህል፣ በየካቲት ወር ስፋቱ 6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.4 ሜትር፣ የውሃው ፍጥነትም በሰከንድ 0.25 ሜትር የሆነ ወንዝ ይታሰብ። ፍሰቱ በሰከንድ 0.6 ሜትር ኩብ ወይም 600 ሊትር ነው። ለአንድ ሄክታር በሰከንድ 1 ሊትር ያስፈልጋል ቢባል፣ ወንዙ ጨርሶ ቢጠለፍ እንኳ ከ600 ሄክታር በላይ አያለማም። የዚሁ ወንዝ የዓመት አማካይ ግን በክረምቱ ሙላት ምክንያት በሰከንድ 12 ሜትር ኩብ ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጥር የያዘ ዕቅድ 12 ሺህ ሄክታር ይለማል ብሎ ሊነሳ ነው። ልዩነቱ 20 እጥፍ ነው፤ ጉዳቱም በወንዙ ግርጌ ባለው አርሶ አደር ላይ ይወድቃል። ለግድብ የዓመቱ ጠቅላላ ፍሰት፣ ለድልድይ የከፍተኛው ጎርፍ መጠን፣ ውሃ ሳያጠራቅም ለሚጠልፍ መስኖ ግን የበጋው ዝቅተኛ ፍሰት ነው መታየት ያለበት።

የመረጃው ጥራት

መዝገቡን የሚያዛቡ ምክንያቶች በርካታ ናቸው። ደለል ሲከማች ወይም አሸዋ ከወንዙ ሲወጣ የወንዙ ወለል ይለወጣል፤ የቆየው ቀመርም ትክክለኛ ውጤት መስጠቱን ያቆማል። በዚህ ጊዜ ንባቡ ሳይቋረጥ ቢቀጥልም የውሃውን ከፍታ እንጂ መጠኑን አይናገርም። ሌሊት ደርሶ ሌሊት የሚያልፍ ጎርፍ በቀን ሁለት ጊዜ በሚደረግ ንባብ ላይመዘገብ ይችላል። ያለማቋረጥ የሚመዘግብ አውቶማቲክ መሣሪያ የሚተከለው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ሌላው ጉዳይ ከጣቢያው በላይ የሚጠለፈው ውሃ ነው። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል፤ ለቤት ውስጥ አገልግሎትም ቅድሚያ ይሰጣል። ባህላዊ መስኖ ግን ከፈቃድ ግዴታ ነፃ ነው። ስለዚህ በፈቃድ መዝገብ ውስጥ የማይታይ ተጠቃሚ በርካታ ሊሆን ይችላል፤ ጣቢያው የሚለካውም ከእነርሱ የተረፈውን ብቻ ነው።

ለውሳኔ ሰጪዎች

አዲስ የውሃ ፕሮጀክት የሚቀርብለት የወረዳ ወይም የዞን ኃላፊ ቢያንስ አራት ነጥቦችን ማጣራት ይኖርበታል። እነርሱም መዝገቡ ስንት ዓመት እንደሚሸፍንና የተቋረጠበት ጊዜ መኖሩ፣ ፍሰቱ በመስክ በመጨረሻ የተለካበት ጊዜ፣ የዝቅተኛው ወር ፍሰት፣ ከመጥለፊያው በላይና በታች ያሉ ነባር ተጠቃሚዎች ብዛት ናቸው።

ጣቢያ በሌለበት ወንዝ ላይ ቀላል ልኬት ማድረግ ይቻላል። ቀጥ ባለ የወንዝ ክፍል 20 ሜትር ተለክቶ፣ ተንሳፋፊ እንጨት ርቀቱን የሚጨርስበት ጊዜ ይያዛል። የተገኘው የገጽ ፍጥነት በ0.85 ሲባዛ አማካይ ፍጥነቱን በግምት ይሰጣል። ይህ የባለሙያውን ልኬት ባይተካም ያለ ምንም ቁጥር ከመወሰን ይሻላል።

የወንዝ ልኬት የረጅም ዘመን ታሪክ አለው። በካይሮ ሮዳ ደሴት እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራው የናይል መለኪያ የየዓመቱን ሙላት ይመዘግብ ነበር፤ ግብርም በዚሁ ይተመን ነበር። የሚለካው ሙላት በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ውሃ ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም የሚሞላው በእነዚሁ ወንዞች ነው። በጅጋም ሆነ በደምበጫ ያመለጠ የአንድ ቀን ንባብ ደግሞ ተመልሶ ሊለካ አይችልም።