ሆለታ ገነት፦ የጦር ትምህርት ቤቱና የገበሬው ደንብ

የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በጥር 1927 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ተከፈተ። አርሶ አደሩ ዛሬ ሆለታን ይበልጥ የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። መምህራኑ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች፣ ዕጩ መኮንኖቹ ደግሞ አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተመለመሉ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ወጣቶች ነበሩ።

ሥልጠናው በጣሊያን ወረራ ተቋረጠ። ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ ብዙዎቹ ወደ ነቀምቴ ሄደው ከጥቁር አንበሳ ማኅበር መሥራቾች መካከል ሆኑ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ ይህ ለግብርና ሰው ሳይጠቀስ የሚታለፍ አይደለም።

ከውጊያው ይልቅ ትኩረት የሚገባው የማኅበሩ ደንብ ነው። ወታደራዊው ክፍል ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬው እንዳይንገላታ፣ ምርኮኛም እንዳይበደል ይደነግጋል። ሠራዊት ስንቁን ከባላገሩ ጎተራ በሚያገኝበት በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ትእዛዝ አልነበረም።

በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. አብዛኛው ኃይል ከራስ እምሩ ጋር ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጁን ሰጠ። ከየካቲት 12 በኋላ በተፈጸመው የበቀል ግድያም ከሆለታ ዕጩ መኮንኖች ብዙዎቹ ተረሸኑ። ትምህርት ቤቱ ከነፃነት በኋላ ዳግም ተከፍቶ መኮንኖችን ማሠልጠኑን ቀጠለ።