የኃይሉ መርጊያ ኪቦርድ፦ ከካሴቱና ከመድረኩ የቱ ይበልጣል?

በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ ሦስት ሙዚቀኞች በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን በሚገኘው ፓዮኒር ወርክስ የተሰኘ የባህል ማዕከል መድረክ ላይ ወጡ። ቤዝ ጊታሩን ዓለምሰገድ ከበደ፣ ድራሙን ኬኔት ጆሴፍ ይጫወቱ ነበር። ኪቦርዱ ደግሞ በ70 ዓመት ዕድሜ ገደማ ላይ በነበሩት በኃይሉ መርጊያ እጅ ነበር።

ያ ዝግጅት ተቀርጾ ቆይቶ በ2023 “ፓዮኒር ወርክስ ስዊንግ” በሚል ርዕስ ለአድማጭ ቀርቧል። ኃይሉን በ1985ቱ ካሴት ያወቃቸው ሰው ይህን የመድረክ ቅጂ ሲያደምጥ ዜማውን ቢለየውም ድምፁ ይለወጥበታል። በካሴቱ ላይ ምቱን የሚጠብቀው ድራም ማሽን ነው፤ አኮርዲዮኑና ሲንተሳይዘሩ በዝግታ እየተፈራረቁ ይፈስሳሉ። በመድረኩ ላይ ግን ድራመሩ ይገፋል፣ ቤዙ ይመልሳል፣ ኪቦርዱም ከዜማው ወጥቶ ርቆ ይሄድና ይመለሳል።

የሙዚቀኛው ወዳጆች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። አንዱ የካሴቱን ጭምትነት ይሻል፤ ሌላው ሙዚቃ የሚኖረው ሰዎች ፊት ለፊት ሲጫወቱት ነው ይላል። ከሁለቱም ቀድሞ ኃይሉን በዋልያስ ባንድ የሚያስታውሰው አድማጭ ደግሞ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ የት ገቡ ብሎ ይጠይቃል። ለክርክሩ መልስ ለመፈለግ እያንዳንዱ ድምፅ እንዴት እንደተወለደ ማወቅ ይጠቅማል።

ሌሊቱን የነጋበት ባንድ

ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን በራሳቸው ተማሩ። በዚያ ዘመን አኮርዲዮን በከተማው ሙዚቃ ውስጥ ትልቅ ስፍራ የነበረው መሣሪያ ነው። ኦርጋንና ኤሌክትሪክ ፒያኖ እየተስፋፉ ሲመጡ ቀስ በቀስ ከመድረክ ራቀ፤ ኃይሉም ወደ ኦርጋን ተሻገሩ።

ስማቸው ይበልጥ የታወቀው በዋልያስ ባንድ ነው። ባንዱ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። ወቅቱ የደርግ ዘመን ስለነበር በከተማዋ ሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ምሽቱን ለመዝናናት የወጣ ታዳሚ በእኩለ ሌሊት ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እዚያው ያድራል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ዓይን በሚታይበት ጊዜ ቃል የሌለው ሙዚቃ የራሱ ነፃነት ነበረው።

በ1977 የወጣው “ቼ በለው” የተሰኘው የዋልያስ አልበም የዚያ ዘመን ምስክር ነው። የኃይሉ ኦርጋን፣ የግርማ በየነ ፒያኖ፣ የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና የዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት በአንድ ላይ ይሰማሉ። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፈዋል። “ሙዚቃዊ ስልት” የተባለው ሥራ ከዚህ አልበም ወጥቶ በዓለም ዙሪያ በልዩ ልዩ ባንዶች ሲጫወት ኖሯል። ይህ ድምፅ የብዙ ሰዎች ድምፅ ነው። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይረከባል፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሲገቡ ኪቦርዱ ወደ ኋላ ይላል።

በአንድ ሰው የተሠራው ካሴት

ዋልያስ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ አባላት ከፊሎቹ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ኃይሉን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ኑሯቸውን በዋሽንግተን አካባቢ አድርገው በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማሩ።

በ1985 ወደ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ የገቡት ብቻቸውን ነበር። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይዘው አንዱን ድምፅ ከቀረጹ በኋላ ሌላውን በላዩ ላይ እየደረቡ ሙሉ ካሴት ሠሩ። ሥራው “ሸሞንሟናዬ” በሚለው ዜማ ይታወቃል። በውስጡ “አምባሰል”ና “ሽለላ”ን የመሳሰሉ ነባር ዜማዎች ይገኛሉ።

ካሴቱን ልዩ ያደረገው አሮጌውና አዲሱ በአንድ ላይ መቀመጣቸው ነው። ኃይሉ የልጅነታቸውን አኮርዲዮን ሊመልሱ ፈለጉ፤ ያጀቡት ግን በወቅቱ አዲስ በነበሩ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ነው። ብዙ አድማጭ “እንግዳም ቅርብም ነው” የሚለው ድምፅ የተገኘው ከዚህ ጋብቻ ነው። ስምንት ሰው ይጫወተው የነበረውን ሙዚቃ አንድ ሰው ሲይዘው ማሽኑ የባልደረቦቹን ቦታ ወሰደ።

አገር ቤትም ቢሆን የኪቦርድ ዘመን እየገባ ነበር። በ1980ዎቹ ሲንተሳይዘር የትንፋሽ መሣሪያዎችን ድርሻ እየተካ መጣ። በኋላም በየምሽት ክበቡ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ከአንድ ድምፃዊ ጋር ሙሉ ባንድ የሚያክል ሥራ የሚሠራበት ልማድ ተስፋፋ። በዚህ የተነሳ “ኪቦርድ ባንድን ገደለ” የሚለው ወቀሳ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ የቆየ ነው። የኃይሉ ካሴት በዚህ ወቀሳ ውስጥ አብሮ የሚነሳበት ጊዜ ቢኖርም ታሪኩ ይለያል፤ ካሴቱ ሲሠራ ባንዱ አስቀድሞ በሁለት አገር ተከፍሎ ነበር።

ከታክሲ ወደ መድረክ

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ኃይሉ ከመድረክ ራቁ። በዋሽንግተን አቅራቢያ ከሚገኘው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሱ ታክሲ መንዳት ያዙ። ኪቦርዳቸውን ግን አልተለዩም፤ መኪናው ውስጥ ይዘው እየዞሩ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር።

“ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ” የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ መሥራች ብራያን ሺምኮቪትዝ የ1985ቱን ካሴት ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም በአውሮፓና በአሜሪካ አዲስ አድማጭ አገኘ። በዚህም ሳቢያ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ዝም ያለው ሙዚቀኛ ወደ መድረክ ተጠራ። “ቼ በለው” በ2014፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር የተሠራው “ወደ ሐረር ጉዞ” ደግሞ በ2016 በድጋሚ ታተሙ።

የዛሬው ክርክር ከዚህ የድጋሚ ኅትመት ጋር የተያያዘ ነው። አዲሱ አድማጭ የኃይሉን ሥራዎች ያወቀው ከቅደም ተከተላቸው ውጪ ነው፤ በመጀመሪያ የብቸኛውን ሰው ካሴት፣ ቀጥሎ የባንዱን ሸክላ። የአዲስ አበባ አድማጭ ግን በቅድሚያ ባንዱን ያውቃል። ለአንዱ ድራም ማሽኑ የኃይሉ መለያ ነው፤ ለሌላው በባዶ ቦታ የገባ ምትክ ነው።

መድረክ ላይ ምን ይለወጣል?

በስቱዲዮ ተደራርቦ የተቀረጸን ሙዚቃ አንድ ሰው በመድረክ ላይ እንዳለ ሊጫወተው አይችልም። አኮርዲዮኑ ሁለቱንም እጆች ይይዛል፤ ሲንተሳይዘሩና ሮድሱ ሌላ እጅ ይሻሉ። ስለዚህ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚሠራ ማንኛውም ሙዚቀኛ ከሁለት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። አንዱ መንገድ የተቀረጸውን ከኋላ እያጫወቱ በላዩ ላይ መጫወት ነው። ይህ ለካሴቱ ታማኝ ቢሆንም ታዳሚው “የቱ ነው አሁን የሚጫወተው?” ብሎ ይጠራጠራል። ሁለተኛው መንገድ የማሽኑን ቦታ ለሰው መስጠት ነው። ያን ጊዜ ሙዚቃው ሕያው ይሆናል፤ ካሴቱን ግን አይመስልም። ኃይሉ ሁለተኛውን መረጡ።

ልዩነቱ ከሁሉ በላይ በምቱ ላይ ይሰማል። ድራም ማሽን አይፈጥንም፣ አይዘገይም፣ አይደክምም። በሦስት በሦስት እየተከፈለ የሚሄደው የችክችካ ምት በማሽን ሲመታ አድማጩን እንደ ሰዓት ምት ያረጋጋዋል። ድራመር ሲመታው ግን አንዱ ምት ይከብዳል፣ ሌላው ይቀልላል፤ ኪቦርዱም ያንን ተከትሎ ሐረጉን ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል።

የማይለወጠው ቅኝቱ ነው። ትዝታም ሆነ አምባሰል፣ ባቲም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ በአምስት ድምፆች የታነጸው አካሄድ በኦርጋን፣ በአኮርዲዮንም ሆነ በሲንተሳይዘር ያው ነው። መሣሪያዎቹ ግን ለዜማው የሚሰጡት ጠባይ የተለያየ ነው። አኮርዲዮን በወናፉ ትንፋሽ አንድን ድምፅ ቀስ ብሎ ያሳድገዋል፣ ያከስመዋልም። ሮድስ ሲመታ ደምቆ እየሰለለ ይጠፋል። ሲንተሳይዘር ደግሞ ድምፅን በማጠፊያው አንሸራቶ ወደ መሰንቆና ወደ ሰው ጉሮሮ ሊያስጠጋው ይችላል።

ቃሉን የሚያውቅና የማያውቅ ታዳሚ

ሌላው የልዩነት ምክንያት በታዳሚው መካከል ያለ ነው። ኃይሉ የሚጫወቷቸው ብዙዎቹ ዜማዎች ግጥም ያላቸውና አስቀድሞ በድምፃውያን የተዘፈኑ ናቸው። ኢትዮጵያዊው ወይም ኤርትራዊው አድማጭ ኪቦርዱን ሲሰማ በውስጡ ቃሉን ይዘፍናል። በዚህ ምክንያት ዜማው ሳይሸራረፍ እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ ኪቦርዱ ርቆ ሲሄድበት ቃሉ ይጠፋበታል። ቃሉን የማያውቀው የውጭ አገር ታዳሚ በአንጻሩ የሚጠብቀው ያንኑ ርቆ መሄድ ነው። ጃዝ ለመስማት የመጣ ሰው ለሙዚቀኛው የዕለት ፈጠራ ጆሮውን ይሰጣል።

ሁለቱም ወገኖች የሚሰጉት ነገር አላቸው። የካሴቱ ወዳጅ፣ ሙዚቃው በጃዝ አዳራሾች ልማድ ተውጦ የራሱን ለዛ እንዳያጣ ይፈራል። የመድረኩ ወዳጅ ደግሞ፣ ሙዚቀኛው በ1985 እንደቆመ ሰዓት ተቆጥሮ ዕድሜ ልኩን አንድ ካሴት እንዲደግም እንዳይገደድ ይሰጋል። በሕይወት ያለ ሠዓሊ ያንኑ ሥዕል ደጋግሞ እንዲስል አይጠየቅም፤ ሙዚቀኛ ግን በየምሽቱ ይጠየቃል።

ኃይሉ በ2018 ያወጡት “ላላ በሉ” ለሁለቱም ወገን በከፊል ይመልሳል። አልበሙ በድራመሩ ቶኒ በክና በቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ የታጀበ ነው፤ ነገር ግን አኮርዲዮኑ አለ። የመጨረሻው ሥራ “የፍቅር እንጉርጉሮ” ደግሞ ያለ አጃቢ በፒያኖ ብቻ የተጫወቱት ነው።

ጥያቄውን የወረሰው ትውልድ

ይኸው ጉዳይ ዛሬ በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ፊት ቆሟል። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 “ዘላለም”ን ሲያወጣ፣ ሮፍናን ኑሪ በ2018 “ነጸብራቅ”ን ሲያቀርብ ነባር የአገር ቤት ድምፆችንና ኤሌክትሮኒክስን አዋሕደዋል። በኮምፒውተር የተቀነባበረ ሥራ ወደ መድረክ ሲወጣ ታዳሚው የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ አልበሙን ልስማ ወይስ ሰዎች ሲጫወቱ ልይ? መሣሪያው ቢለወጥም ምርጫው ኃይሉ ካጋጠማቸው አልራቀም።

የኃይሉ ጉዞ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው አንድ ፍንጭ አለ። በእያንዳንዱ ዘመን ስልታቸውን የወሰነው በአጠገባቸው የነበረው ሰው ነው። ሒልተን ሙሉ ባንድ ነበራቸው፤ ሙዚቃውም ሞቅ ያለ የብዙ ሰው ጨዋታ ሆነ። ዋሽንግተን ስቱዲዮ ሲገቡ ብቻቸውን ነበሩ፤ ማሽኑ አጀባቸው። በኋላ ቤዝና ድራም ሲያገኙ ማሽኑን አሰናበቱት። ካሴቱን የሚወድ አድማጭ የሚወደው የዚያን ብቸኝነት ድምፅ ነው፤ ሙዚቀኛው ግን በዚያ ብቸኝነት ውስጥ የመቆየት ግዴታ የለባቸውም።

በ2020 የወጣው “የኔ ምርጫ” የተሰኘው አልበም ይህን ያጠናክራል። በብሩክሊን መድረክ አብረዋቸው የነበሩት ዓለምሰገድ ከበደና ኬኔት ጆሴፍ በዚህም አሉ። የሰጠኝ አጣናው መሰንቆ ተጨምሯል። ሳክስፎን ይዘው የመጡት ደግሞ በ1977 በ“ቼ በለው” ላይ የተጫወቱት፣ በ1981ም ከኃይሉ ጋር አሜሪካ የቀሩት የዋልያሱ ሞገስ ሀብቴ ናቸው።