የርካሽ መሣሪያ ዋጋ፤ ከመቅደላ እስከ ቡለን

«ሽጉጥ» የሚለው ቃል ስለ መሣሪያው ብርታት አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ አያያዙ ነው። «ሸጐጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ፥ በጠባብ ስፍራ የተወተፈ፥ ከልብስ ሥር የተሰወረ ማለት ይሆናል። ጠመንጃ በትከሻ ላይ ተነግቶ በአደባባይ ይታያል፤ ባለቤቱም የማን ሎሌ እንደ ሆነና በየትኛው ዘመቻ እንደ ተሰለፈ ብዙ ጊዜ በጠመንጃው ይታወቅ ነበር። ሽጉጥ ግን ከመቀነት ሥር ገብቶ ይቀመጣል፤ የሚያውቀውም የታጠቀው ሰው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወደ አገራችን የገቡበት መንገድ አንድ ነው። አብዛኞቹ የመጡት ሌላ አገር ከተዋጋባቸው በኋላ፥ ወይም አርጅተዋል ብሎ ከግምጃ ቤቱ ካወጣቸው በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ ያ በርካሽ የተገዛ አሮጌ መሣሪያ በእውነት ምን ያህል እንዳስከፈለ፥ ዋጋውንም የከፈለው ማን እንደ ሆነ ለመመርመር ነው።

በታሪካችን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሽጉጥ በገንዘብ የተገዛ አይደለም። ቆንስል ካሜሮን ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ ይዞት የመጣ ስጦታ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለቀድሞው ቆንስል ለፕላውደን ስላደረጉለት ቸርነት ንግሥቲቱ ማመስገኗ በላዩ ተጽፎበታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን አጥብቀው ይፈልጉ የነበረው የተሠራ መሣሪያ ሳይሆን መሣሪያ የሚሠራ ሰው ነበር። ስለዚህ በጋፋት የነበሩትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ «ሴባስቶፖል» የተባለውም ታላቅ መድፍ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጐተተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሰብሮ በገባ ጊዜ፥ ንጉሠ ነገሥቱ እጄን አልሰጥም ብለው በዚያው በስጦታ ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ መንግሥት የሚዋጋበትን መሣሪያ ከሌላ ሰው እጅ እየጠበቀ ኖረ።

ከዚህ ከሦስት ቀን በፊት፥ በእሮጌ ሜዳ ላይ፥ የእንግሊዝ ወታደሮች በወቅቱ አዲስ የነበረውን፥ ከኋላ የሚጐርሰውን ስናይደር የተባለ ጠመንጃ ተኩሰው ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የያዘው በአፈ ሙዙ ባሩድ እየተጠቀጠቀ የሚጐርስ ስለ ነበረ፥ አንዱ እስኪያጐርስ ድረስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። ሕዝቡም ለዚያ ዓይነቱ ዘገምተኛ ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ስሙ ቢያስቅም በእሮጌ የወደቁትን ለሚያስብ ሰው ሐዘን አለበት፤ ጠላት ቆሞ አልጠበቀምና።

ጄኔራል ናፒየር ወደ አገሩ ሲመለስ፥ መንገድ ለከፈቱለት ለትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ጥቂት መድፎችና ከ800 የሚበልጡ ጠመንጃዎች ትቶላቸው ሄደ። ለእንግሊዝ ይህ ጓዝ ማቃለል ነበር። ለደጃዝማች ካሳ ግን የዙፋን መንገድ ሆነ። በ1863 ዓ.ም. በቍጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ድል አድርገው፥ በሚቀጥለው ዓመት ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ከዚያም በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ሲያሸንፉ በሺህ የሚቈጠር ሬሚንግተን ጠመንጃ ማረኩ። በዚያን ዘመን መሣሪያ የሚገኘው በሦስት መንገድ ነበር፤ በስጦታ፥ በምርኮ፥ በግዢ። ከሦስቱም ብዙውን የጫነው ሦስተኛው፥ የንግዱ መንገድ ነው።

ይህ ንግድ እንዴት እንደ ተስፋፋ ለመረዳት የአውሮፓን ግምጃ ቤት መመልከት ያስፈልጋል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1866 እስከ 1886 በነበሩት 20 ዓመታት ውስጥ የጠመንጃ ሥራ ሦስት ጊዜ ያህል ተለዋወጠ። በመጀመሪያ ከአፉ የሚጐርሰው ቀርቶ ከኋላ የሚጐርሰው መጣ፤ ቀጥሎ የናስ ቀለህ ያለው ጥይት የወረቀቱን ተካ፤ በመጨረሻም ፈረንሳዮች ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል የተባለውን ጠመንጃ አወጡ። አንዱ መንግሥት ሲለውጥ ጎረቤቱም ፈርቶ ይለውጣል። በአንድ ጊዜም በመቶ ሺህ የሚቈጠር ጠመንጃ፥ ብረቱ ሳይበላሽ፥ ከአዲሱ አንሶ ስለ ተገኘ ብቻ አሮጌ ተባለ። መንግሥታቱ አሮጌውን ለነጋዴ ሸጡ፤ ነጋዴውም ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ጫነው። ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» ይሉት የነበረው የ1874 ሥሪት ጠመንጃ በእኛ አፍ «ውጅግራ» ተባለ፤ በእሮጌ የፈጀን ስናይደርም «ስናድር» ተብሎ በገበሬው ትከሻ ላይ ዋለ። ከእነዚህ ስሞች ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ በቀረርቶና በፉከራ ውስጥ ይሰማሉ።

ከነጋዴዎቹ አንዱ አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነበር። ግጥም መጻፍ ከተወ በኋላ በኤደንና በሐረር ይነግድ ጀመር፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ፥ በአፋር በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ። ራምቦ ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፥ ጠመንጃዎቹ ከ40 ዓመት በፊት ከሥራ የወጡ መሆናቸውን፥ በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ ዋጋቸው ከ7 እስከ 8 ፍራንክ እንደ ሆነ፥ ለሸዋው ንጉሥ ግን በ40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጡ ሳይሸሽግ ገልጧል። ትርፉ ታላቅ ይመስላል። ነገር ግን ባልንጀራው ላባቱ ታሞ ሞተ፤ አብሮት ሊጓዝ የነበረው ሶሌዬም መንገድ ሳይጀምር ሞተ፤ ለግመልና ለመንገድ ብዙ ገንዘብ ወጣ። ንጉሥ ምኒልክም በእንጦጦ ሲቀበሉት፥ የዕቃውን ዕድሜና የሻጩን ችግር በሚገባ ያውቁ ስለ ነበር፥ ዋጋውን ዝቅ አደረጉ፤ የላባቱን ዕዳ ቀነሱ፤ ቀሪውን ከሐረር ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል ደብዳቤ ሰጥተው አሰናበቱት። አሮጌ መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ የሚታለል አይምሰለን። ገዢው ምን እንደሚገዛ ሲያውቅ የሚከስረው ሻጩ ነው።

በ1882 ዓ.ም. የብራስልስ ስምምነት የጦር መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ቢከለክልም፥ መንግሥታቱ እርስ በርሳቸው ስለሚቀናኑ በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት በ80 ሺህና በ100 ሺህ መካከል የሚገመት ጠመንጃ ነበረው። ከነዚያ ብዙዎቹ አውሮፓ አንሰው ተገኙ ብላ የሸጠቻቸው ነበሩ። ነጻነታችን የጸናው በአባቶቻችን ደም መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ያ ደም በከንቱ ፈስሶ እንዳይቀር የረዳው፥ ከዓመታት አስቀድሞ በትዕግሥትና በክርክር የተሰበሰበው ይህ አሮጌ ብረት መሆኑን መርሳት አይገባም።

አሮጌ መሣሪያ በገበያ የሚገዛ ሰው ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ብዙ ነው። አፈ ሙዙ ዝጎ እንደ ሆነ፥ የውስጡ ጥምዝ በብዙ ተኩስ አልቆ እንደ ሆነ፥ ጥይቱ ከቀጥታው ይወጣል። ሞላው የደከመ እንደ ሆነ መምቻው ይመታል፥ ጥይቱ ግን አይነሣም። በሽጉጥ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ አፈ ሙዙ አጭር ስለ ሆነ ጥቂት ርምጃ ራቅ ካለ ኢላማው ይስታል፤ ምላጩ ያለቀ እንደ ሆነም በወደቀ ጊዜ ሳይታሰብ ይባርቃል፥ ያን ጊዜም የሚጐዳው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ወይም በአጠገቡ የተቀመጠው ነው። ጕድለቱ የሚታወቀው ሲተኰስ ነው። ዳሩ ግን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ገንዘብ ሆኖ በሚሰጥበት አገር፥ ሞክሮ መተኰስ ገንዘብን እንደ ማቃጠል ነበር። በዚህም ምክንያት ርካሹ መሣሪያ ከሁሉ የሚበልጠውን ወጪ ይዞ ይመጣል። ጠመንጃው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጥይቱ ግን ዘወትር ይገዛል፤ ጥይቱን የሚሠራው አገር መሸጥ ባቆመ ዕለት መሣሪያው ከዱላ አይሻልም። በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ለወረራ ስትዘጋጅ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ባሉ ጊዜ፥ የራሷ ፋብሪካ ያላት ጣልያን ምንም አልጐደለባት፤ የተጐዳችው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። የጋፋት አሳብ ሳይፈጸም መቅረቱ ያን ጊዜ ተሰማን።

ይህ ሁሉ የመንግሥትና የጦር ሜዳ ታሪክ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ጠረፍ ሲደርስ ሌላ መልክ አለው። ቡለን ከዓባይ በስተ ሰሜን፥ በመተከል ምድር የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፥ ሺናሻ፥ ጉሙዝ፥ አገው፥ አማራና ኦሮሞ ተጐራብተው ይኖሩበታል፤ ለብዙ ዘመን በጎጃም ሥር ከቈየ በኋላ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው። በዚህ ቈላ ጠመንጃ ያለው ሰው ቀስትና ጦር ብቻ በያዘው ላይ ይበረታ ነበር። ከሱዳን ድንበር እስከ ዓባይ ሸለቆ በተዘረጋው አገር የሰውና የወርቅ ንግድ ከመሣሪያ ንግድ ጋር ተጣምሮ ይሄድ ነበር። ጠመንጃ ሰውን ለመያዝ ያገለግላል፤ የተያዘውም ሰው ተሸጦ ሌላ ጠመንጃ ይገዛበታል። በዐድዋ ለነጻነት የተተኰሰው ዓይነት ጠመንጃ፥ በዚሁ ዘመን፥ በዚህ ጠረፍ የሰውን ነጻነት ለመግፈፍ ይውል ነበር። የባርያ ንግድን የሚከለክል ሕግ በ1916 ዓ.ም. ቢወጣም፥ ባርነትም በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ፈጽሞ ቢሻርም፥ ባለ ጠመንጃን መፍራት ግን እንደ ሕጉ በአንድ ቀን አልተሻረም።

በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ዘመን መተከል እንደ ገና የመሣሪያ መንገድ ሆነ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ገቡ። መሣሪያና ስንቅ የጫኑት በሺህ የሚቈጠሩ ግመሎች በዚያ ቈላ ውስጥ ረግፈው ቀሩ። ከእንግሊዝ ለአርበኞች ቀደም ብሎ ከተላከው መሣሪያ ብዙው በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ አሮጌ ጠመንጃ ነበር፤ አርበኞቹም የተሻለውን ከጠላት እየማረኩ ይተኩት ነበር። የጣልያን መኰንኖች ይታጠቁት የነበረው ቤሬታ የተባለው ሰባት ጐራሽ ሽጉጥም በዚሁ መንገድ በአገሩ ሰው ወገብ ላይ ገባ። ለማረከው አርበኛ ይህ ሽጉጥ የጀግንነት ምስክር ነው። ለልጁ ሲወርስ ጌጥ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሲሸጥ ግን የሚናገረው ታሪክ አይኖረውም፤ ለከፈለ ሁሉ ያድራል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ማብቃት በተቻለ ነበር። ነገር ግን በ2010ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በሱዳን ድንበር በኩል ተሰውረው ሲገቡ የተያዙ የቱርክ ሥሪት ሽጉጦች ወሬ ደጋግሞ ተሰማ። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ወጣ። አዋጁ በወጣ በዓመቱ፥ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ በዚሁ በቡለን ወረዳ፥ በበኩጂ ቀበሌ፥ ታጣቂዎች በማለዳ መጥተው በጥይትና በእሳት ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን መግደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። የሞቱት ገበሬዎች፥ እናቶችና ሕፃናት በእጃቸው መሣሪያ አልነበረም።

ከእንዲህ ያለ ቀን በኋላ የቀረው ሰው «እኔም ብታጠቅ ይሻላል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የሚጠብቀው ያጣ ሰው ራሱን ለመጠበቅ ይመኛልና። ላሙን ሸጦ፥ ተበድሮም ቢሆን፥ በስውር የመጣ ርካሽ ሽጉጥ ይገዛል። ዳሩ ግን ጎረቤቱም በዚያው ፍርሃት፥ ከዚያው ነጋዴ ይገዛል። ሁለቱም ከታጠቁ በኋላ ሁለቱም ከቀድሞ ይልቅ ይፈራራሉ፤ በደኅናው ዘመን በሽማግሌ ያልቅ የነበረው የድንበርና የከብት ጠብም በአንድ ቃታ ያልቃል። አውሮፓውያን መንግሥታት እርስ በርስ ተፈራርተው ግምጃ ቤታቸውን እየለወጡ የቀድሞውን እንደ ሸጡልን ሁሉ፥ ጎረቤትም ጎረቤቱን ሲፈራ የሚጠቀመው ያው ሻጩ ነው።

እንግዲህ የመሣሪያን ዋጋ በገበያው ሒሳብ ብቻ ልንመዝነው አይገባንም። ሊዬዥ ላይ 8 ፍራንክ፥ እንጦጦ ላይ 40 ፍራንክ የነበረው ጠመንጃ፥ መንግሥት ሕዝቡን ለመጠበቅ በያዘው ጊዜ አገርን አዳነ፤ ያው ጠመንጃ ጠባቂ በሌለበት ጠረፍ በባለ ጉልበት እጅ ሲገባ ሰውን አሸጠ። ልዩነቱ ከብረቱ አልነበረም። ለቡለን ገበሬ ሽጉጥ መግዛት ሞኝነት ነው ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ ሳይገዛ ተኝቶ የሚያድርበትን ጸጥታ መስጠት ግን ሥራ ይጠይቃል። ሕግ የሚከበርበት፥ ዳኛ የሚገኝበት፥ ጩኸት ሲሰማ የሚደርስ ዘበኛ ያለበት ቀበሌ ውስጥ ርካሹ ሽጉጥ ገዢ ያጣል። እስከዚያ ድረስ ግን በርካሽ የተገዛውን መሣሪያ ቀሪ ዋጋ፥ እንደ በኩጂ ሰዎች ሁሉ፥ ያልገዛው ሰው ይከፍለዋል።